አፉ በሉን የማያልቅበት ኮምፒውተር

ፕሮግራሙ ሲነካ ይነሳል፤ ሰማያዊ ፖስታ የተሳለበትን ሥዕሉን ብልጭ ያደርጋል፤ «በመክፈት ላይ» ይላል፤ ከዚያ ድርግም። ማስጠንቀቂያ የለ፣ የስህተት ቁጥር የለ፣ ምን የለ። ራትሪ ደግማ ጫነችው። ሰማያዊ ፖስታ፣ «በመክፈት ላይ»፣ ድርግም። እንደገና ሞከረች፤ ያው ነው። ቢሰድባት እንኳ ይሻላት ነበር። ሰው በር ሲዘጋብህ ቢያንስ አንድ ነገር ተናግሮ ነው፤ ይሄ የተረገመ ኢሜይል ግን ዓይን ዓይኗን አይቶ እልም ይላል።

«ምን አለሽ?» አሏት ከወንበሯ ኋላ የቆሙት አለቃዋ ፓክ ጉናዲ፤ «ፓክ» በአገሩ ቋንቋ «ጋሼ» እንደማለት ነው።

«ምንም አላለኝም ፓክ። ችግሩም እሱ ነው፤ ምንም አይልም።»

«ቅዳሜ ደህና አልነበረም እንዴ?»

«ቅዳሜ ስወጣ ደህና ነበር። እንደተከፈተ ትቼው ነው የሄድኩት፤ ለዒድ ሰላምታው ራሱ መልስ እንዲሰጥ። እርስዎ አይደሉ ያዘዙኝ?»

«እሱማ ነው» አሉ ፓክ ጉናዲ፣ ቆባቸውን አውልቀው ራሰ በራቸውን እየጠረጉ። «በዒድ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ላለ ሰው መልስ ሳይሰጡ ዒድን መቀበል ነውር ነው። ታዲያ ዛሬ ምን ነካው?»

«እሱን እኮ ነው የምፈልገው!»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ሱራባያ ወደብ ላይ አንድ ኮንቴይነር ሙሉ መንደሪን ቆሟል። ማቀዝቀዣው በባሕር ላይ እያለ አንዴ ተበላሽቶ በግድ ነው የተነሳው። ዛሬ ካልወጣ ጉምሩክ ለበዓሉ ይዘጋል፤ ሲከፈት መንደሪን ሳይሆን ጭማቂ ነው የሚረከቡት። የመልቀቂያውን ወረቀት የመርከብ ወኪሉ ቅዳሜ ማታ በኢሜይል ልኳል፤ «ልኬያለሁ፣ መልካም ዒድ» ብሎ በስልክም ጽፏል፤ ከዚያ ቢሮውን ዘግቶ፣ ሚስቱን ሞተር ሳይክል ላይ አፈናጦ ወደ አገሩ ነጎደ። ስልኩ ይጠራል፤ የሚያነሳው የለም። ፓክ ጉናዲ ደግሞ የቢሮው መልእክት ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጥ ስለማይወዱ፣ ገና ድሮ፣ እዚህ እንደወረደ ከዚያ እንዲጠፋ አስደርገዋል። ስለዚህ ወረቀቱ በዓለም ላይ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ፊቷ ተቀምጦ በሚያሾፍባት ፕሮግራም ሆድ ውስጥ።

«እኔ ወደብ ሄጄ የጉምሩኩን ሰውዬ እጁን ይዤ እቀመጣለሁ» አሉ ፓክ ጉናዲ። «ከቢሮው አድራሻ ካልመጣለት እንደማያትም ታውቂያለሽ። አንቺ ላኪ፣ እሱ ያትማል፣ እኔ እመጣለሁ።»

«ወደ አገሬ የሚወስደኝስ መኪና ፓክ? ሾፌሩ ካስዋን ከአስር ሶላት በኋላ ከዚሁ በር ላይ ነው የሚያነሳኝ። የሌሊቱ ጉዞው ከአሁኑ ሞልቷል።»

«ከዚያ በፊት እደርስልሻለሁ ስልሽ! ለአባትሽ የእኔን ሰላምታ እንዳትረሺ» እያሉ ወጡና ተጣጣፊውን የብረት ፍርግርግ በር ከጫፍ እስከ ጫፍ ስበው ጓጉንቸሩን ከውጭ ቀጭ አደረጉት።

«ፓክ! እኔ እኮ ውስጥ ነኝ!»

«ለዚያ ነው እኮ የምቆልፈው! ዛሬ የማይጾመው ሌባ ብቻ ነው!»

እሳቸው እንዲህ ናቸው። አንድ ዓመት በዒድ ዋዜማ የጎረቤቱ ጨርቅ ቤት ተዘርፏል፤ ከዚያ ወዲህ በዋዜማው ቀን ቢሮ ውስጥ የተገኘ ሰው ይቆለፍበታል። ሁለተኛው ቁልፍ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። አንደኛው የፓክ ጉናዲ ወገብ ላይ እየተንቀጨቀጨ በሞተር ሳይክል ወደ ወደብ ሄደ።

ራትሪ ሻንጣዋን አየችው። በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ውስጡ ለአባቷ የገዛችው ሽርጥ አለ። ልቧ ከአሁኑ ከሻንጣው ጋር መንገድ ገብቷል።

አባቷ ካርሶኖ ላሞንጋን አካባቢ የዓሣ ኩሬ ያላቸው፣ ሲበዛ ደረቅ ሰው ናቸው። ራትሪ ትምህርቷን ስትጨርስ በመንደሩ ትምህርት ቤት መምህርት እንድትሆን ስንቱን ባለሥልጣን ደጅ ጠንተው፣ ስንቱን ሰው እጅ ነስተው ቦታ አስገኙላት። እሷ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ሱራባያ ገባች። አባቷ «አሁን እነዚያን ሰዎች በምን ዓይኔ ልያቸው?» ሲሉ፣ እሷም አፏን መሰብሰብ ሲገባት «ታዲያ ለምኑልኝ ብዬዎታለሁ?» አለች፤ ያውም በጎረቤት ፊት። ከዚያን ቀን ወዲህ አባቷ አላነጋገሯትም።

በዚያ አገር የዒድ ጠዋት ልጅ ከወላጁ ፊት ይንበረከካል፤ ግንባሩን ከጉልበታቸው ላይ ያሳርፍና አፉ ይበሉኝ ይላል። ባለሥልጣን ቢሆን፣ ሽማግሌ ቢሆን ይንበረከካል። ራትሪ ሦስት ዒድ ቀርታለች። በየዓመቱ ለአክስቷ ለሙርሲያ «ሥራ ነው፣ ቢሮው አልለቀቀኝም» ትላለች። ቢሮው ግን ተዘግቶ ነበር። እሷ የተከራየችው ክፍል ውስጥ ተጋድማ፣ ከመስጊድ የሚመጣውን ተክቢራ እየሰማች፣ የደረቀ ፓስታ በሙቅ ውኃ ታርስ ነበር። ማፈር አንዴ ከተጀመረ በየዓመቱ ይከብዳል።

ዘንድሮ አክስቷ ደወሉ። «አባትሽ ትመጣለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ» አሉ። «ስምሽን አልጠራም፤ 'ያቺስ?' ነው ያለው። ግን ጠየቀ። ዘንድሮ ከቀረሽ ዳግመኛ የሚጠይቅ አይመስለኝም ልጄ።» ራትሪ ያኔውኑ ነው ለሾፌሩ ለካስዋን ደውላ ቦታ ያስያዘችው።

እና አሁን በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ድርግም!

ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን ነው፤ ጠቅሞት ግን አያውቅም። ቀጥላ ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ ተጭና ይዛ ፕሮግራሙን ቀሰቀሰችው፤ እንዲህ ሲደረግ የተለጠፈበትን ተጨማሪ ነገር ሁሉ ጥሎ ባዶውን ይነሳል። ተነሳ፤ ፖስታውን አሳየ፤ ድርግም። የቫይረስ መከላከያውን ዘጋች። ድርግም። ማተሚያውን ነቀለች፤ ማተሚያው ምን አደረገ? ምንም፤ ግን ነቀለችው። ድርግም። ፕሮግራሙን ከነነፍሱ እንደ አዲስ ጫነችው፤ ጭኖ እስኪጨርስ ማራገቢያው የሚያመጣላትን ትኩስ አየር እየተነፈሰች ጠበቀች። ከንፈሯ ደርቋል። ጾም ነው፤ የውኃው በርሜል ጥግ ላይ ተቀምጦ ያያታል። አዲሱ ፕሮግራም በክብር ተነሳ፣ ፖስታውን አሳየ።

ድርግም።

«እናትህን!» አለችና ደንግጣ አፏን ያዘች። የጾሙ የመጨረሻ ቀን ላይ ስድብ!

በፍርግርጉ በኩል መንገዱ ይታያል። ሰው በሻንጣ፣ በካርቶን፣ በሕፃን ተጭኖ ያልፋል፤ አንዱ ሞተር ሳይክል ላይ አራት ሆነው፣ መሐላቸው ዶሮ አለ። ከተማው በሙሉ ወደ አገሩ እየገባ ነው። እሷ ብቻ እንደ ዶሮዋ ተይዛ ቀርታለች፤ ዶሮዋ እንኳ መንገድ ላይ ናት።

ፕሮግራሙ ካልሆነ የሚበላው ነገር ነው ብላ መልእክቶቹ የሚጠራቀሙበትን ፋይል ፈልጋ አገኘችው። መጠኑን ስታይ ዓይኗን አላመነችም። ቅዳሜ ከነበረው ብዙ እጥፍ አብጧል፤ ከዚህ በላይ ሊይዝ አይችልም የሚባለው ጣሪያ ላይ ደርሶ ቆሟል። «ምን በልቶ ነው ይሄ?» አለች ጮክ ብላ። በአንድ ቅዳሜና እሁድ ምን ይገባል? ያውም በበዓል!

የቢሮው ስልክ ጮኸ።

«ሄሎ፣ ፓክ ጉናዲ ቢሮ ነው? ቶሃ ነኝ፣ ከሰማራንግ። የጭነት መኪናዎቹ።»

ራትሪ ቶሃን ታውቀዋለች፤ ግን በኢሜይል ብቻ። ሰማራንግ ከተማ ያለ የጭነት ድርጅት ጸሐፊ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ሲጻጻፉ ድምፁን ሰምታው አታውቅም።

«አቤት ወንድም ቶሃ። ምን ልርዳህ? እኔው ራሴ የሚረዳኝ አጥቼ ሞቻለሁ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትስቂብኝ። የእናንተ ኢሜይል ይከፈታል?»

ራትሪ ከወንበሯ ተነሳች። «ምን አልክ?»

«የእኔ ከጠዋት ጀምሮ ይነሳል ይሞታል፣ ይነሳል ይሞታል። አንዴ ብቻ ከመሞቱ በፊት ለዓይን ጥቅሻ ያህል የገቢ ሳጥኑን አየሁት። እህቴ፣ ከላይ እስከ ታች የእናንተ ስም ነው። ከላይ እስከ ታች!»

ራትሪ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ወንድም ቶሃ፣ ለዒድ ሰላምታ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲመልስ አድርገህ ነበር?»

«ታዲያስ! አለቃዬ መልስ ያልተሰጠው አፉ በሉን እንዳላይ አለኝ። እኔም 'አፉ በሉን' የሚል ቃል ያለበት መልእክት ሲመጣ ወዲያው መልስ ይሂድ ብዬ አዘዝኩት። ጎበዝ አይደለሁም?»

«መልሱ ላይ ምን ይላል?»

«ምን ይላል፤ 'አፉ ብለናል፣ እናንተም አፉ…'» ቶሃ ግንባሩን ሲመታ በስልኩ ተሰማት። «ያ አላህ» አለ።

«የእኔም እንደዚያው ነው የሚለው።»

«ያ አላህ፣ ያ አላህ።»

እንዲህ ነው የሆነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮዎቹ ሲዘጉ ኮምፒውተሮቹ ነቅተው ቀሩ። የሱራባያው ለሰማራንጉ «በውጭም በውስጥም ላጠፋነው አፉ በሉን» ብሎ ላከ። የሰማራንጉ «አፉ ብለናል፣ እናንተም አፉ በሉን» አለ። የሱራባያው ይሄንን እንደ አዲስ ልመና ቆጥሮ መለሰ። የሰማራንጉም መለሰ። ቅዳሜ ሌሊቱን፣ እሁድ ቀኑን፣ እሁድ ሌሊቱን፣ ሁለት ባዶ ቢሮዎች ውስጥ ሁለት ማሽኖች አንዱ በአንዱ እግር ላይ ሲወድቁ፣ አንዱ አንዱን ሲያነሳ አደሩ፤ መልእክቱ ሆዳቸው እስኪፈነዳ ተጠራቀመ። ሲከፈቱ ያንን ሁሉ ለማንሳት ይሞክራሉ፤ ያቅታቸዋል፤ ይወድቃሉ።

«የእኛ ደግሞ ፎቶ አለው» አለች ራትሪ፣ ሳቅም ለቅሶም እየመጣባት። «ፓክ ጉናዲ ከነሚስታቸው፣ ከነልጅ ልጆቻቸው። በየመልሱ ላይ።»

«አየኋቸው እኮ! ጫፍ ላይ ያለችው ሕፃን ምላሷን አውጥታለች።»

ሳቁ። ሁለቱም ስልኩ ላይ እንደ እብድ ሳቁ። ከዚያ ራትሪ ዓይኗ ሻንጣው ላይ አረፈና ሳቋ ቆመ። ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲመልስ ደንቡን ያወጣችው እሷ ናት። ፓክ ጉናዲ መልስ ይሰጥ ነው ያሉት፤ ማሽን ይስጥ አላሉም። እሷ ናት ያንን ቃል ለሃምሳ ሰው፣ ለስልሳ ሰው በጣቷ መጻፍ የከበዳት። በጻፈችው ቁጥር አባቷ ፊቷ ላይ ይመጡባታል። ለማሽን ሰጠችውና ተገላገለች።

«ስማኝ» አለች። «የኔትወርክ ገመድህን ንቀል። የእኔንም እነቅላለሁ። አንተ ክፍት ከሆንክ እኔ ስሰካ እንደገና ይጥለቀለቅብኛል።»

«እኔም እኮ ለሾፌሮቹ የምልከው የጉዞ ትእዛዝ አለኝ። አለቃዬ ካልላክሁ ያርደኛል።» ትንሽ አሰበ። «አንቺ አገርሽ የት ነው?»

«ላሞንጋን። አባቴ ዘንድ ነው የምሄደው። በሩ ደግሞ ተቆልፎብኛል።»

«ምን?»

«ተወው፣ ረጅም ነው።»

«በቃ አንቺ ቅደሚ። እኔ ቤቴ ከቢሮው ጀርባ ነው፤ የሚያስቸኩለኝ የሚስቴ ጭቅጭቅ ብቻ ነው። ነቅያለሁ። እስክትደውይልኝ አልሰካም።»

ራትሪ ገመዱን ነቀለች። ያበጠውን ፋይል እንዳለ ሌላ ቦታ ገለበጠችው፤ ቢበላሽም ወረቀቱ እንዳይጠፋባት። ከዚያ ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣውን መጠገኛ አስነሳችና ፋይሉን ሰጠችው። አረንጓዴ መስመር ብቅ አለ። ለመንቀሳቀሱ ማስረጃ አልነበረም።

እንግዲህ መጠበቅ ነው። መጠገኛ በጩኸት አይፈጥን፣ በልመና አይፈጥን። ተነስታ ፍርግርጉ ድረስ ትሄዳለች፤ ጓጉንቸሩን ታያለች፤ ተመልሳ መስመሩን ታያለች። ክፍሉ ያለወትሮው ጠቧት ነበር። የኋላው መስኮት በብረት ታጥሯል፤ የሽንት ቤቱ ቀዳዳ ድመት አያሳልፍም። ፓክ ጉናዲ ጋ ደወለች።

«ላክሽ?» አሉ ገና ሳያነሱት።

«ገና ነው ፓክ። ግን ነገሩን አግኝቼዋለሁ። መኪናዬ ሊመጣ ነው፤ ቁልፉን በሰው ይላኩልኝ!»

«በማን ልላክ? ሰውየው ቦርሳውን ዘግቶ ቆሟል፤ እኔ ክርኑን ለቅቄ ብነሳ አበቃ! ላኪው ልጄ፣ ላኪውና ሁላችንም እንውጣ!»

አዛን ብሎ፣ አስር ተሰግዶ፣ ሰዉ ከመስጊድ ሲወጣ የካስዋን ሚኒባስ ጥሩምባውን እየነፋ በሩ ላይ ቆመ። መስመሩ ግማሹን አልሞላም።

«እህት ራትሪ! ውጪ፣ ውጪ፣ ጭንቅንቅ ነው!»

«አልችልም ካስዋን! ተቆልፎብኛል!»

ካስዋን ወርዶ መጣ። ጓጉንቸሩን በጣቱ መታ አድርጎ አየው። «ማነው እንደ ፍየል ያጎረሽ?»

«አለቃዬ። ትንሽ ጠብቀኝ፣ አፈር ስሆን!»

«እንዴት ልጠብቅሽ እህቴ፤ ውስጥ ስምንት ሰው አለ፣ አንዷ ነፍሰ ጡር ናት።» ከመኪናው አንዱ «ሾፌር፣ ፍቅርህን ሌላ ቀን ጨርስ!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ። ካስዋን አንገቱን ደፋ። «ለአባትሽ ምን ልበልልሽ?»

«እውነቱን። ያየኸውን ንገርልኝ።»

ሄደ። ከፍርግርጉ ላይ እጇን ሳታነሳ ሚኒባሱ ከሻንጣና ከሞተር ሳይክል ጎርፍ ውስጥ ገብቶ እስኪጠፋት አየችው። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ማን ሰማኝ ሳትል።

መስመሩ ሲሞላ ድምፅ እንኳ አላሰማም። ዞር ስትል «ተጠግኗል» ይላል። ራትሪ ፊቷን በክንዷ ጠርጋ ፕሮግራሙን ነካችው። ሰማያዊ ፖስታ። «በመክፈት ላይ»። ፖስታው ቆየ፣ ቆየ፣ ቆየ፤ ተከፈተ።

ከላይ እስከ ታች ቶሃ። አፉ ብለናል፣ አፉ በሉን፣ አፉ ብለናል፣ አፉ በሉን። ጣቷን ስታንከባልለው ማለቂያ የለውም። መጀመሪያ ያንን የራሷን ደንብ አጠፋችው። ቀጥላ የመውጫ ሳጥኑን ባዶ አደረገች፤ እዚያም ሊሄዱ የተኮለኮሉ ፓክ ጉናዲዎች ከነቤተሰባቸው ነበሩ። ከቶሃ የመጣውን ሁሉ በአንድ ላይ መርጣ ሰረዘች። ኮምፒውተሩ አቃሰተ፤ ግን ሠራ። ከስሩ፣ እንደ ተቀበረ ሰው፣ የመርከብ ወኪሉ መልእክት ብቅ አለ። ገመዱን ሰካች፤ ወረቀቱን ለጉምሩኩ ላከች።

ስልኩ ወዲያው ጮኸ። «አተመ!» ፓክ ጉናዲ ናቸው። «አተመ ልጄ! ወጣሁ፣ መጣሁ፣ በረርኩ!»

ለቶሃም ደወለችና የፋይሉን ነገር አንድ በአንድ ነገረችው። «አመሰግናለሁ» አለ። «እንግዲህ ከሰው ሁሉ ጋር ቂም ቢኖረኝ፣ ከአንቺ ጋር የለኝም።»

ፓክ ጉናዲ ግን አልበረሩም። ጀንበር ስትጠልቅ የመስጊዱ ከበሮ ተመታ፤ የጾሙ ወር አለቀ። ራትሪ ከበርሜሉ አንድ ብርጭቆ ውኃ ቀድታ ቆማ አፈጠረች። ተክቢራው ከየአቅጣጫው ተነሳ። ፓክ ጉናዲ ደወሉ፤ ልጆች በከበሮና በችቦ ሰልፍ ወጥተው የወደቡን መንገድ ዘግተዋል፤ ሞተር ሳይክሉ ወደፊትም ወደኋላም አይልም።

ቀጥሎ የደወሉት አክስቷ ሙርሲያ ናቸው።

«ካስዋን ደረሰ። አንቺ የለሽም» አሉ፤ ድምፃቸው ቀዝቅዟል። «አባትሽ ከአስር ጀምሮ መንገዱ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እንዳትነግሪያት ብሎኝ ነበር፤ ይኸው ነገርኩሽ።»

«አክስቴ፣ በአላህ፣ ተቆልፎብኝ ነው! ካስዋን አይቷል!»

ከበስተጀርባ የአባቷ ድምፅ መጣ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሰማችው። ከእሷ ጋር ሳይሆን ከአክስቷ ጋር ነበር የሚያወሩት፤ እንድትሰማ ግን ጮክ ብለው።

«በያት! ካቻምና ሥራ፣ አምና ሥራ፣ ዘንድሮ ጓጉንቸር! የዛሬ ዓመት ደግሞ ምን ይሆን?»

«ካስዋን አይቻለሁ እያለህ ነው እኮ» ይላሉ አክስቷ።

«ነግራው ነዋ! እንዲህ በል ብላው!»

ስልኩ ተዘጋ። ብትደውል፣ ብትደውል አይነሳም።

በቃ። ራትሪ መብራቱን እንኳ አላበራችም። ኮምፒውተሩ ከኋላዋ ያበራል፤ ፕሮግራሙ አሁን ቀጥ ብሎ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ሲፈለግ የት ነበር? እውነቷን በተናገረችበት በዚህ አንድ ዓመት የሚያምናት አጣች። ደግሞስ ማንን ትውቀስ? ውሸቱን በየዓመቱ ስትዘራ የነበረችው ራሷ ናት። በቀጣዩ ዓመት «ያቺስ?» የሚል የለም። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና እዚያው ፍርግርጉ ሥር ኩርምት ብላ ቀረች። ውጭ ልጆች ርችት ይተኩሳሉ።

መኪና ቆመ። ቀና አላለችም። በር ተከፈተ፣ ተዘጋ። ነጠላ ጫማ አስፋልቱን እየጎተተ መጣ። ያንን አረማመድ በሺህ ሰው መሐል ትለየዋለች።

አባቷ ናቸው። ዋዜማው ላይ መኪና ሁሉ ከሱራባያ ሞልቶ ይወጣል፤ ሲመለስ ባዶውን ነው። ካስዋን ለሌሊቱ ጉዞ ባዶውን ሲመለስ ገብተው ከጎኑ ተቀመጡ። ኩሬ የሚወርዱበትን አሮጌ ሽርጥ እንኳ አልቀየሩም። ልጃቸውን አላዩዋትም። በቀጥታ ጓጉንቸሩ ጋ ሄዱ። በእጃቸው መዘኑት፤ ጎተቱት፤ ነቀነቁት፤ በሩ በሙሉ ተንኳኳ። ጎንበስ ብለው የቁልፉን ቀዳዳ አዩ።

«ተቆልፏል» አሉ ለካስዋን።

«ነግሬዎት ነበር እኮ።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

ከዚያ ዞረው እግራቸው ሥር የተቀመጠችውን ልጅ አዩ። ከስታለች። እሳቸውም ከስተዋል።

«ማነው የቆለፈብሽ?»

«አለቃዬ፣ አባዬ። ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው።»

«አምናስ?»

ራትሪ ሥራ ነበር ማለት ትችላለች። ዛሬ ያምኗታል፤ ጓጉንቸሩን በእጃቸው ይዘውታል።

«አምና ክፍት ነበር» አለች። «ካቻምናም። ከዚያ በፊትም። ፈርቼ ነው።»

ካስዋን መኪናውን ማጽዳት ሰበብ አድርጎ ራቅ አለ። ሽማግሌው ሽርጣቸውን ሰብስበው የቢሮው ደረጃ ላይ ተቀመጡና ጉልበታቸውን ከፍርግርጉ ጋር አስጠጉት። ልጅ ነው ወደ ወላጅ የሚሄደው፤ የተገላቢጦሹን በዚያ አገር ያየ የለም። ራትሪ ተንበረከከች። ግንባሯ ብረቱን ነካ፤ በብረቱ መሐል ጉልበታቸውን ነካ። የኩሬ ሽታ አላቸው።

ያንን የተለመደውን፣ በውጭም በውስጥም የሚለውን ልትል ፈለገች። አልወጣላትም። ሁለት ቀንና ሌሊት ማሽን ሲያኝከው የከረመ ቃል ነው።

«በጎረቤት ፊት 'ለምኑልኝ ብዬዎታለሁ?' ያልኩዎት» አለች። «እሱን አፉ ይበሉኝ አባዬ። እሱን።»

የሰልፉ ከበሮ ከሩቅ እየቀረበ ነበር። የአባቷ እጅ በፍርግርጉ ገብቶ ራሷ ላይ አረፈ፤ ከባድ፣ ሻካራ እጅ።

«ደጅ ስጠና ሳልጠይቅሽ ነው» አሉ። «ትፈልጊያለሽ ወይ አላልኩሽም። አንድ ቀን እንኳ አላልኩሽም።»

ራትሪ ግንባሯን ከጉልበታቸው አላነሳችም።

ፓክ ጉናዲ ሞተር ሳይክሉን እየገፉ፣ ላብ በላብ ሆነው፣ ቁልፉን ከወገባቸው እየፈቱ የደረሱት ያኔ ነው። «ልጄ አፉ በይኝ! ሰልፉ ነው፣ መንገዱን ዘግተው… እርስዎ አባቷ ነዎት? አፉ ይበሉኝ አባት! አሁን እከፍታለሁ፣ አሁን!»

ሽማግሌው ቀና ብለው አላዩዋቸውም።

«ትንሽ ይቆዩ፣ አይክፈቱት» አሉ። «ገና አልጨረስንም።»